መብራት ሲመጣ ይሞታሉ

ጋሽ ላሚሶን ሐሙስ ገደልኳቸው፤
አሞራ ገደል ዳር፣ ከአሣው ሚዛን ሥር አስተኝቻቸው።
ሦስት ጊዜ ነው የሞቱት።
በመጀመሪያው አስነጠሳቸው።
በሁለተኛው አባ ኮዳ መጣ፣
ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ ከራስጌያቸው ቆመ፤
ሬሳው ብድግ ብሎ፣ «ዞር በል፣ ገና ነኝ!» እያለ አጉረመረመ።
በሦስተኛው ግን፣ እንዴት ልንገራችሁ፣
ፊታቸው ቀስ እያለ ተዘጋ፣
እንደ ሱቅ መስኮት፣ ገበያው ሲረጋ፤
ስልኩን የያዘው እጄ ከዳኝ፣
«ይበቃል» የምትለዋ ቃል ጠፋችኝ።

የኮሌጃችን ዘበኛ ናቸው።
በር ላይ «መታወቂያ» ሲሉ፣
ሲስቁ አንድም ቀን አላየናቸው።
ታዲያ ለምን እሳቸው?
ተማሪ መሞት አይችልበትማ!
አንዱ ይስቃል፣
አንዷ «ቀሚሴን ጭቃ ይነካዋል» ትላለች፣
አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ ማስቲካ ያኝካል።
እሳቸው ግን አንድ ለስላሳ ጠጥተው፣
ኮፍያቸውን ለእኔ ሰጥተው፣
«የት ጋ ልሙት?» አሉ፣
የት ጋ ልቁም እንደሚል ሰው።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ የአጫጭር ፊልሞቻችን በዓል፣ መረብ ኳስ ሜዳው ላይ።
ለስክሪን የጻፍነው ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ፣
አራት ማህተም ሰብስቦ ተመለሰ፣
ከስክሪን በቀር ሁሉን ጨምሮ።
እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ላሚሶ ባለቤት፣
«ይኸው» አለች፣ «የእኛው አንሶላ ምን አለበት?»
አጥባ፣ አጥፋ፣
ሁለት አሮጌ አንሶላ መሀል ለመሀል ተሰፍቶ የሰፋ።
ከሁለቱ ብረት ወጠርነው፤
ነፋስ ከሐይቁ በመጣ ቁጥር
የተዋናዩ ሁሉ ሆድ ተነፋ።

የዱካሞ ባጃጅ መጀመሪያ ታየች፤
አራት ደቂቃ ሙሉ አልነሣም ብላ ታቦር ሥር ቆየች፣
ሕዝቡ በጭብጨባ ገፋት።
ምንታምር የእናቷን ስፌት መኪና ቀርጻ ድምፁ ጠፋባት፤
ማይክ ነጥቃ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» አለች በአፏ፣
እስኪያልቅ ትንፋሿ።

ከዚያ የእኔ።
ጋሽ ላሚሶ ግድግዳ አክለው ብቅ ሲሉ፣
የአንሶላው ስፌት በግንባራቸው ወርዶ ጠባሳ መሰለ።
«ያ የኔ መርፌ ነው!» አለች እትዬ አስካለ፣
ከፊት ወንበር፣ ጮክ ብላ።
«ሽሽ!» አሏት። ዝም አለች።
ከዚያ አስተኛኋቸው። ውሃው። ሚዛኑ። እጃቸው።
ጣታቸው ሰንሰለቱን ሊለቅ፣ ልክ ሊለቅ ሲል፣
መብራት ሄደ።

«ኧረ ሞቱ ወይስ አልሞቱም?» አለ አንዱ ከጨለማው፤
«መብራት ሲመጣ ይሞታሉ!» መለሰ ሌላው።
ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።
ከፊቴ፣ በዝግታ፣ አንድ እጅ ሌላ እጅ ዳሰሰ፤
«አለህ?»
«አለሁ።»
ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማሁ።
የጀነሬተሩ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው፤ ሥራቸው ነው።
ባትሪያቸውን አብርተው፣
በወንበሮቹ መሀል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ፣
ሞታቸውን ሊያስነሡ ሄዱ።
ገመዱን ሳቡ፤ እምቢ።
ሳቡ፤ አስነጠሰው።
በሦስተኛው ተነሣ።

ፊልሙን አላየሁም።
ዞሬ ያየሁት እሳቸውን ነው፣
ቤንዚን የነካው እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ፣
ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው።
እዚያ ማዶ እጃቸው ሚዛኑን ሲለቅ፣
እዚህ ከንፈራቸውን መጠጡ፣
ስሙን ለማያውቁት ሟች እንደሚመጥ ሰው።

ሽልማቱን ባጃጇ ወሰደች።
ሕዝቡ በበሩ ሲወጣ እየጨበጣቸው፣
«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ!» ሲላቸው፣
«አሜን» ይላሉ፣ «መታወቂያህን ውሰድ።»
አንሶላውን ፈትቼ ለእትዬ አስካለ ሰጠኋት፤
ሞቅ ይል ነበር፤
ከፕሮጀክተሩ ይሁን ከዚያ ሁሉ ዐይን፣ አልነገርኳት።

ሰኞ ጠዋት፣ ካፊያ ቢጤ፣ አረፈድኩ።
«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?» አልኩ።
«ደህና። እንቅልፉንስ ተኛን፣
አንሶላው ግን አሣ አሣ ሸተተን» አሉ፣
ሳይስቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው፤
«መታወቂያ።»